አፈር ነው ውሃ?

አባቴ ባሕረኛ ነበር ስል ደብረ ብርሃን ውስጥ የሚያምነኝ ሰው ጥቂት ነው። «ወደቡ የት ነው፣ ጠባሴ ነው ጫጫ?» ብሎ ያላገጠብኝ ሞልቷል። ምላሴ አጭር ስላልሆነ ለእያንዳንዱ የሚገባውን እሰጠዋለሁ። ነገሩ ግን ቀላል ነው። አባቴ ባየው የአንኮበር ልጅ ነው፤ የሞተር ጥገና ተማረ፣ ጭነት መርከብ ላይ ተቀጠረ፣ ሁለተኛ መሐንዲስ እስከ መሆን ደርሶ ጡረታ ወጣ። ዛሬ በረንዳችን ላይ ሁለት ሹራብ ደርቦ ፀሐይ ይሞቃል። ከዚያ ሁሉ ሙቀት በኋላ የገዛ አገሩ ብርድ አላወቀው ብሏል።

እኔም አንድ ክረምት በዚያች መርከብ ላይ ኖሬአለሁ። የመኮንኖች ሚስትና ልጆች ትምህርት ሲዘጋ አብረው እንዲጓዙ ይፈቀድ ስለነበር፣ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ እናቴ እናናየሁ ጅቡቲ ድረስ በአውቶቡስ ይዛኝ ወረደች። ከጉዞው ብዙውን ረስቼዋለሁ። ያልረሳሁት የቆምንባትን ደሴት ነው፤ እሷን እንዳልረሳ ተደርጌ የተሠራሁ ልጅ ነኝ።

ፍቅረ ማርያም የሚባል ወጣት መርከበኛ ነበረ። የአንኮበር ልጅ ነው፤ አባቴ ነው ወስዶ ያስቀጠረው። እናቱን እማማ አልታየች እንላቸዋለን። የበግ ፀጉር እየፈተሉ ለበርኖስ ሠሪዎች የሚሸጡ፣ ባላቸውን ቀደም ብለው የቀበሩ ሴት ናቸው። ልጃቸው ወደ ባሕር ሲሄድ አላለቀሱም፤ አባቴን ግን ሚካኤል ደጃፍ ላይ አስቆሙት። እኔ የኮቱን ጫፍ ይዤ ቆሜ ነበር።

«ሞት ከሆነ ይሙት፣ ሰው ነው፤ እኔንም አላለፈኝም» አሉት። «ለውሃ ግን እንዳትሰጥብኝ። አፈር አልብሰው። ማልልኝ።»

አባቴ ደጁን ተሳልሞ ማለ። እኔ ደግሞ ፍቅሬን ዋና እንዲያስተምረው አደራ የሚሉት መስሎኝ ነበር። ሴትየዋ ልጃቸው ሰጥሞ እንዳይሞት ፈርተዋል፣ ብልህ ናቸው አልኩ በልቤ። መቃብር የሌለው ልጅ እናት ሻማዋን የት እንደምታበራ፣ ነፍስ ይማር የሚላት ሰው ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር፣ ያኔ ከየት አውቄው?

መርከቧ ላይ እንደ ፍቅሬ በትከሻው የሚሸከመኝ ሰው አልነበረም። «ካፒቴን» እያለ ይጠራኛል፤ እውነተኛው ካፒቴን ሲያልፍ ደግሞ በጆሮዬ «ረዳትሽ መጣ» ይለኛል። ካፒቴኑ የሌላ አገር ሰው ነበር፤ ነጭ ፂሙን እንደ ሣር የሚያስተካክል፣ ከአባቴ በስተቀር ከማንም ጋር የማይስቅ።

አንድ ሞቃት ወደብ ላይ ብዙ ቆየን። ከዚያ ከወጣን በኋላ ፍቅሬ ጠፋ። ታሟል፣ ተኝቷል፣ ወደ ክፍሉ እንዳትጠጊ ተባልኩ። የአንኮበር ደም ለወባ እንግዳ ነው፤ አባቴና ሌሎቹ የሐበሻ ልጆች ወባ እንደሆነ ወዲያው ለይተውታል። ካፒቴኑ ግን የሚተላለፍ በሽታ ነው ብሎ ፈራ። አባቴና እሱ መተላለፊያው ላይ ሲነጋገሩ እሰማ ነበር። ቋንቋውን ባላውቅም ድምፁን አውቀዋለሁ፤ የገበያ ክርክር ድምፅ ነው፤ አንዱ «በቃ» የሚል፣ ሌላው «ትንሽ ጨምር» የሚል። አባቴ እኔ እንድጫወት ባሕር ዳርቻ ላይ እንድንቆም እየለመነ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ መርከቧ ፀጥ አለች። ሞተሩ ሲቆም ጆሮ ይደነቁራል፤ የለመድነው ጩኸት ነበርና ዝምታው ነው የሚያምመው። እናቴ በሩን ዘግታ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አስተኛችና ሹሩባ ትሠራኝ ጀመር። እንዲያ አጥብቃ ሠርታኝ አታውቅም፤ ቅንድቤ ወደ ላይ ተሳበ። ከላይ የብዙ ሰው እግር ሲሄድ፣ ከዚያ ሲቆም ሰማሁ። ውሃ ጠብ ጠብ ሲልብኝ ቀና ብዬ አየኋት። ቅባቱ ዓይኔ ገባ አለችኝ። ሹሩባው ሳያልቅ ሞተሩ ተነሣ። ያን ቀን መርከቧ ያረፈችበት ቀን ብዬ ነበር የያዝኩት፤ ሰው ሲደክመው እንደሚያርፈው።

ከሁለት ቀን በኋላ ደሴቷ መጣች።

ለፍቅሬ ሲባል የቆምን መስሎኝ ነበር። የቆምነው ግን ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የባሕር ውሃ ፓምፕ ተሰብሮ ነው፤ መለዋወጫው እስኪሠራ ካፒቴኑ መጠለያ ፈለገ፣ ከካርታው ላይ ያቺን ፍርፋሪ አገኘ። ስሟን ዛሬ አውቀዋለሁ። ያኔ ስም ያላት አልመሰለኝም።

ጠዋት እናቴ እየለበሰች አለቀሰች። አባቴ አጠገቤ ተንበርክኮ፣ ፍቅሬ ማረፉን፣ ዛሬ እንደምንቀብረው ነገረኝ። ማልቀስ እንዳለብኝ ገባኝ፤ ትንሽ አለቀስኩ። ከዚያ ቀጥሎ የመጣውን ግን ከልቅሶው ይበልጥ አስታውሰዋለሁ፣ ምክንያቱም ስለ እኔ ነበር።

«ልጅ ይዞ ቀብር የየት አገር ወግ ነው?» አለች እናቴ።

«ትይ» አለ አባቴ። «እሷ ማየት አለባት።»

እናቴ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ዞር ብላ ነጠላዋን አነሣች። እኔ ኩራት ወጠረኝ። ከወንዶቹ ጋር በጀልባ የምትወርድ አንዲት ልጅ እኔ ነበርኩ፤ አድጌአለሁ ማለት ነው።

የደሴቷን አሸዋ ስረግጥ የምንጃር ነጭ ጤፍ ዱቄት የረገጥኩ መሰለኝና እግሬን አነሣሁ፤ ምግብ መርገጥ ነውር ነው ተብዬ ነዋ ያደግሁት። ሙቀቱ ከአረርቲ የበረታ ነው። ዛፎቹ ቅርንጫፍ የሚባል የላቸውም፤ እንደ ረጃጅም መጥረጊያ ተተክለው አናታቸው ላይ ብቻ ፀጉር አላቸው። ከአሸዋው ሥር ትንንሽ ፍጥረቶች እየወጡ ወደ ጎን ይሮጣሉ፤ ወደ ፊት መሄድ ያፈሩ ይመስል። ባሕሩ ዳር ዳሩን አረንጓዴ ነው፤ ራቅ ብሎ ደግሞ ድንገት ይጠቁራል። ዓሣ የሚያደርቅ አንድ ሽማግሌ መጥቶ ሳያናግረን ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። በኋላ ኮኮናት ሰብሮ ሰጠኝ፤ ውሃው ስኳር የጎደለው ነገር ይመስላል፤ ለእሱ ብዬ ጨርሼ ጠጣሁት።

ሣጥኑን አራት ሰዎች ከጀልባ አወረዱት። ከመርከቧ ሳንቃ የተሠራ፣ ግራጫ ቀለም የተቀባ ነበር። ጉድጓዱን ከዛፎቹ በላይ፣ አሸዋው አልቆ ጥቁር አፈር ከሚጀምርበት ላይ ቆፈሩት። አባቴ አፈሩን በእጁ ዘግኖ አሳየኝ፤ «አየሽ፣ አፈር ነው» አለኝ። አዎ አልኩት። ራስጌውን ወደ ምዕራብ አደረጉት፣ የትንሣኤ መለከት ሲነፋ ወደ ምሥራቅ ተነሥቶ እንዲቆም። ምግብ አብሳዩ ዘርአ ዳዊት ዲያቆን ነበር፤ የሚያውቀውን ያህል ደገመ። ድምፁ ከባሕሩ ጋር ሲታገል ትዝ ይለኛል። ከብረት ቱቦ የተበየደ መስቀል ተከሉ። ማንም ጮኾ አላለቀሰም። ገርሞኝ ነበር፤ በእኛ አገር ቀብር ላይ እንዲህ ዝም አይባልም። ባሕረኞች ጨዋ ናቸው ብዬ ደመደምኩ።

አገራችን እስክንመለስ ድረስ አባቴ ማታ ማታ ጭኑ ላይ ያስቀምጠኝና «እስቲ ያየሽውን ንገሪኝ» ይለኛል። እነግረዋለሁ። «አፈሩስ ምን ዓይነት ነበር?» ይላል። ጥቁር ነው እላለሁ። «ራስጌውስ?» ወደዚያ። አባቴ ወሬዬን እንደዚያ ወዶት አያውቅም። ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ ከመለስኩት ሁሉ ይልቅ የዚያ ክረምት ጥያቄና መልስ አኩርቶኛል።

አንኮበር የደረስን ዕለት ወደ እማማ አልታየች ቤት አልሄድንም። ሰው ሲጠይቅ ፍቅሬ ደህና ነው፣ ሥራ ላይ ነው ተባለ። ይህን ውሸት አልቆጥረውም፤ መርዶ እንዲህ በመንገድ ላይ አይጣልም፣ በሽማግሌ ነው የሚነገር። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ሴትየዋ እሳት ሳያነዱ፣ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ ደጃቸውን ሞላው። ጭጋጉ ከገደሉ ሥር እየወጣ ሰዉን እስከ ወገቡ ውጦታል። በሩን ሲከፍቱ ማንም መናገር አላስፈለገውም። የቆመውን ሰው ከዳር እስከ ዳር አዩ፤ አንድ ጊዜ ደረታቸውን መቱ፤ ከዚያ ሌሎቹ ሲጮኹ እሳቸው እጃቸውን አነሡና ዝም አሰኟቸው።

«ባየው» አሉ። «አፈር ነው ውሃ?»

  የአባቴ እጅ ጀርባዬ ላይ አረፈ፤ ወደ ፊት ገፋኝ።

«ወለተሐና ነበረች። እሷን ጠይቂያት።»

ነገርኳቸው። ጥቁሩን አፈር፣ ራስጌውን፣ የብረቱን መስቀል፣ ባርኔጣውን ያወለቀውን ሽማግሌ፤ አንድም ሳላስቀር፣ እንደ ተለማመድኩት። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ አንዱ ሕፃን አይዋሽም አለ። እማማ አልታየች መሬት ላይ ተቀምጠው ሁለቱን እግሮቼን ያዙ፣ ጫማዬን ሳሙት። ከዚያ ነው ያለቀሱት። ልቅሶውም የምስጋና ነበረበት።

ከዚያ ወዲህ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ «ምስክሬ» ነው የሚሉኝ። ዓመት በዓል ስንሄድ ከአዋቂዎች ጋር መደብ ላይ ያስቀምጡኛል፤ እንግዳ ከመጣ አስነግረውኝ ይሰማሉ። እኔም እያደር አሳምሬዋለሁ፤ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ወሬው ላይ ነጫጭ ወፎች ነበሩበት። ከሰፈሩ ልጆች ማንም እንደኔ የሚከበር አልነበረም፤ ይገባኛልም ብዬ አስብ ነበር።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ የፍቅሬ ታናሽ ወንድም ደምሴ ወደምሠራበት ኮፒ ቤት መጣ። ዩኒቨርሲቲው ደጅ ነው የምሠራው፤ ያልተማርኩበትን የሌላ ሰው መመረቂያ እየተየብኩ ባለቤቱ ያልጠረጠረውን ስህተት አርማለሁ፤ ደመወዜ ውስጥ የለም፣ ግን አያስችለኝም። ደምሴ ደስ ብሎት ነበር። እናቱ አርጅተዋል፤ ሳልሞት የልጄን አፅም አምጡልኝ ብለው ቤተ ክርስቲያኑን ጠይቀው፣ ካህናቱም ከአባቱ ጎን ቦታ ፈቅደዋል። ዛሬ እዚያች ደሴት ትንሽ አውሮፕላን ይገባል። ደምሴ ሊሄድ ነው፤ ቦታውን የምታሳየው ደግሞ ምስክሯ ናት። ስልኩ ላይ ደሴቷን ከሰማይ አሳየኝና «የቱ ጋ ነው?» አለኝ። ጣቴን ሳላመነታ አሳረፍኩ።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። ራት እየበላን ነበር። የያዘውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰው።

«አትሂዱ» አለ።

«ለምን?»

«እዚያ የለም።»

ተርኮ ሲጨርስ ወጡ ረግቶ ነበር። እናቴ ሹሩባ የሠራችኝ ቀን ነው ፍቅሬን ለባሕር የሰጡት። ካፒቴኑ በሽታውን ፈርቶ ከዚያ በላይ አንድ ቀን እንኳ አስከሬኑን አላሳድርም ብሎ ነበር፤ አባቴ የለመነው ለእኔ መጫወቻ ሳይሆን ለፍቅሬ ነበር፣ እስከሚቀጥለው ወደብ እንዲቆይ። አልሆነም። ፓምፑ ከዚያ በፊት ጀምሮ ያቃስት ነበር፤ አባቴ ሌሊትና ቀን እየጠገነ አቆይቶታል። ከሁለት ቀን በኋላ አቃተው፤ ደሴቷም መጣች።

«እጄን አጥፌ ብቀመጥ ኖሮ» አለ፣ «ቀድመን እንቆም ነበር። አፈር ያገኝ ነበር። በደንብ ጠገንኩት።»

ለእሱ ማዘን ነበረብኝ፤ አዝኜም ይሆናል። ከዚያ ግን ይህን ጨመረ፦

«እኔ አልዋሸሁም። እሷን ጠይቂ አልኩ እንጂ አፌን አልከፈትኩም።»

«አፍህማ እኔ ነበርኩ» አልኩት።

እናቴ ጣልቃ ገባች። ሴትየዋ አርጅተዋል፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተጽናኑበትን አሁን መንጠቅ ምን ይጠቅማል አለች። ዘዴም አላት፤ ባሕሩ ዳርቻውን በልቶታል፣ መቃብሩ ታጥቦ ሄዷል ይባል፤ ይህ እውነትም የሚደርስ ነገር ነው። አባቴ ቀና አለ። ጥሩ ውሸት እንደሆነ ሁላችንም ገባን። ማን እንደሚናገረው ደግሞ ማንም አልጠየቀም፤ ሁለቱም እኔን ነበር የሚያዩት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። ይሄኛው ላይ አልሠራም፤ እነሆ አሁን ሌላ ጉድጓድ ሊያስቆፍር ደርሷል። ደምሴ ባሕር ተሻግሮ ሣጥን ሲከፍት ዓይኔ ላይ መጣብኝ።

«ቅዳሜ አንኮበር እንሄዳለን» አልኩት አባቴን። «አንተና እኔ።»

«ምን ብዬ ዓይኗን አያለሁ?»

«እኔ በስምንት ዓመቴ አይቼዋለሁ።»

 ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሰላም ሲለው የምመልሰው እኔ ነበርኩ። እዚያ ስንወርድ እንደ ሁልጊዜው ጭጋግ ነበር፤ ዳገቱን ሲወጣ ክንዱን ልይዝለት ብል አልፈቀደም።

እማማ አልታየች መደቡ ላይ ከወገባቸው ቀና ብለው ተቀምጠዋል፤ ጣቶቻቸው ፀጉር ባይይዙም ይፈትላሉ። ደምሴ ከጎናቸው ነበር። «ምስክሬ መጣሽ» አሉና ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ፤ አባቴንም ሳሙት፤ በሕይወቴ ሲስሙት ያየሁት ያኔ ነው። ወዲያው ለደምሴ ንገሪው አሉኝ፤ ከዛፎቹ በላይ፣ ጥቁሩ አፈር ከሚጀምርበት። አፋቸው ከእኔ እኩል ያውቀዋል፤ አብረውኝ ሊሉት ተዘጋጅተው ነበር።

«እማማ» አልኩ፣ «እኔ ያየሁት ሣጥን ነው። ውስጡን ያየው እሱ ነው።»

ወደ አባቴ ዞርኩ።  አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ከዚያ ከወንበሩ ወርዶ መሬት ላይ ተንበረከከ፤ ያ ትልቅ ሰውዬ፣ በሁለት ሹራብ።

«እትዬ አልታየች» አለ። «እንደማልኩልሽ አላደረግሁም።»

ሴትየዋ አልጮኹም። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ልጽፈው ሞክሬ ትቼዋለሁ። እጃቸውን አነሡ፣ መርዶ የመጣባቸው ዕለት እንዳነሡት። ግን ዝም ያሰኙት እሱን አልነበረም። ወደ እኔ ነበር የዞሩት።

«አንቺ ወደ ውጪ ውጪ ልጄ» አሉኝ። «ይህ ልጅ የሚሰማው ነገር አይደለም።»

ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ለሁሉም ሰው መልስ አለኝ። እሳቸው ውጪ ሲሉኝ ግን ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ፤ በሩንም ከኋላዬ ዘጋሁት። ሣጥኑ ውስጥ ምን እንደነበር፣ ፍቅሬን ማን እንዳጠበው፣ ውሃው ላይ ምን እንደተደገመለት የሰሙት እዚያ ውስጥ የነበሩት ናቸው። እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።

አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቆየሁ። የሚናገረው የአባቴ ድምፅ ነበር፣ ዝቅ ያለ፤ አንዳንዴ የሳቸው ጥያቄ ያቋርጠዋል፤ ከዚያ እንደገና እሱ። ቃሉ አይለይም። ከዚያ ድምፁ ቆመ። ቀጥሎ የመጣው ጩኸት ያን ጊዜ በእኔ ፊት ከተለቀሰው ጋር ዝምድና አልነበረውም።

የጎረቤት በሮች ተከፈቱ። ከሁሉም ቀድማ አንዲት ሴት እጇ ላይ ሊጥ እንዳለ እየሮጠች መጣችና ክንዴን ያዘች።

«ማን ሞተ?»

«ፍቅረ ማርያም» አልኳት።

ቆም ብላ አየችኝ። የፍቅሬን ተዝካር የበላች ሴት ናት፤ እኔም በዚያ ተዝካር ላይ ስናገር ሰምታኛለች። ከቤቱ ውስጥ ጩኸቱ እንደገና ወጣ። ሴትየዋ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፣ አልፋኝ ገባች።